ከ«ሀ» ሳልነሳ

ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ጉዳይ ሱሉልታ ሄጄ በድሮው ትምህርት ቤቴ በር ሳልፍ አንድ ሽታ እግሬን ያዘው። ዘበኛው ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ፈልጠው፣ ከውስጡ ያወጡትን ጥቁር ዱቄት ከተወቀጠ የዱባ ቅጠል ጋር ለውሰው አሮጌ ሰሌዳ ይቀባሉ። «አሁንም በዚህ ነው?» ስላቸው «የሱቁ ቀለም ይላጣል፤ ይሄ ግን ጠመኔ ይወዳል» አሉኝ። ሽታው ብረት ብረት ይላል፣ ከኋላው ደግሞ እርጥብ ቅጠል አለው። አፍንጫዬ ሲገባ እዚያው ደጃፍ ላይ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ፤ ሳላስበው መዳፌን ገልብጬ ጠቁሮ እንደሆነ አየሁ።

የማወራው ስለ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ «ማስተር ፕላን» የሚባለው ነገር አገሩን ስላመሰበት ዓመት።

ያን ጊዜ የክፍሉ ጎበዝ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው በኩራት ነው፤ አንዲት ፊደል ሳይለዩ የክፍሉ ጎበዝ አንባቢ መሆን ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቲቸር ጽጌ ምንባቡን ቀድማ ታነባለች፣ እኛ ስድሳ ልጆች ተከትለን እንጮሃለን። ሁለት ጊዜ ከሰማሁት በቃ፣ የእኔ ነው። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እኔም እየገለጥኩ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ትንፋሼን ሰብሰብ እያደረግሁ እወርደዋለሁ። ቤታችንም እንደዚያው ነበር። አባቴና እናቴ ከወላይታ መጥተው እሱ የግንባታ፣ እሷ የውሃ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ መዝሙሩንም የመጽሐፍ ቅዱሱን ጥቅስም ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ነው የሚሉት። ማንበብ ማለት ይኸው መሰለኝ። ሌሎቹም ልጆች እንደኔ የሚያደርጉ፣ እኔ ግን የምበልጣቸው መሰለኝ።

የክፍላችን ግድግዳ ላይ ባለው ፊደል ገበታ ከሆነማ ማን ያክለኛል! ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ አዘንበዋለሁ። ችግሩ ፊደሎቹን የማውቃቸው በቤታቸው እንጂ በመልካቸው አለመሆኑ ነው። «ደ» ማለት ፕላስተር የተለጠፈበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ናት። «በ» ማለት አንድ ባለጌ ልጅ ኳስ የሳለባት ናት። ከገበታው ወጥታ ብቻዋን ካገኘኋት አላውቃትም፤ ከ«ሀ» ተነስቼ በሆዴ እየዘመርኩ እስክደርስባት ድረስ እንግዳ ናት።

በኅዳር አንድ ጠዋት ቲቸር ጽጌ አስነሳችኝና አነበብኩ። ስለ አንዲት ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ ነበር። እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ቲቸር ቀስ ብላ መጥታ ከትከሻዬ ኋላ ቆመች።

«በጣም ቆንጆ ነው ምህረት» አለች። «ያነበብሽው ገጽ ሃያ ሁለትን ነው። መጽሐፍሽ የተገለጠው ግን ገጽ አሥራ አራት ላይ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ምን ለውጥ እንዳለው አልገባኝም። በእረፍት ሰዓት አስቀረችኝና ሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል ብቻዋን ጻፈች። በሆዴ ዜማውን ጀመርኩ።

«ከንፈርሽን አታንቀሳቅሺ» አለች።

ከንፈሬን ስገጥም ዜማው ቆመ፤ ዜማው ሲቆም ፊደሏም ጠፋች። ቲቸር ጽጌ ጠመኔዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ስድሳ ልጅ ሲጮህ የሚያነበውን ከሚዘምረው እኔም አልለየሁም። ግን እንዲህ ሆነሽ ወደፊት አትሄጂም። እስከ ገና ማንበብ ካልቻልሽ ሁለተኛ ክፍል ነው የምመልስሽ።»

ሁለተኛ ክፍል! እዚያ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? ወንድሜ እስራኤል። ይኸ በአንድ ዓመት የሚያንሰኝ ልጅ የሳሙና ላስቲክ ሳይቀር ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አንብብ» የሚባል፣ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ እኔን የሚያይ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ! ማታ ተንበርክኬ አጭር ጸሎት አደረግሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ትምህርት ቤቱን ዝጋልኝ።»

በማግስቱ ተዘጋ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት በኩል እንደ ኳስ ሜዳ ያለ ድምፅ መጣ። ትልልቆቹ ተማሪዎች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ወደ ጎጃም መንገድ ወረዱ። ጎማ ሲቃጠል ሸተተን፤ ሚኒባሶቹ አፍንጫቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ሲፈረጥጡ በመስኮት አየን። ሁሉም ሰው ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን ይላል። እኔ ማስተር ፕላንን ክራባት ያሰረ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ክፉ ሰውዬ አድርጌ ነበር የምስለው። ይሁንና ትምህርት ቤቱን ያዘጋው የእኔ ጸሎት ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረኝም። ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ያዙኝ።

ደወል የምንለው የመኪና ቸርኬ ያለማቋረጥ ሲደበደብ ቲቸር ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች። «ስሙኝ! ትምህርት ቤት እስኪከፈት እያንዳንዳችሁ አንድ ማንበብና መጻፍ የማይችል ትልቅ ሰው ስሙን መጻፍ አስተምራችሁ ትመጣላችሁ! ሰውየው ራሱ መጥቶ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል!» ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። «በተለይ አንዳንዶቻችሁ!»

የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ደበላ ሂርጳ ነበሩ። ስድስት ላሞች፣ አንድ ትልቅ የድርቆሽ ክምርና አንድም ቀን ተዘግቶ የማያውቅ ሬዲዮ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ድርቆሽ የሚያወርዱበትን መንሽ መሬት ላይ ተከሉት።

«በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ጀምሬ ነበር» አሉ። «እርሻ ደረሰ፣ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የምፈርመው በጣቴ ነው። አሁን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጣትህን አምጣ ነው። የመሬት ነገር ሲነሳ ጣት ብቻ ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም። የልጅ ልጆቼ በቁቤ ነው የሚጽፉት፤ እኔ ግን የጀመርኩትን ልጨርስ። በሳባው አስተምሪኝ፣ ቲቸር።» ቁቤ የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው፤ ሳባ የሚሉት ሀሁውን።

ቲቸር! እኔን! ክንፍ ያበቀልኩ መሰለኝ።

ሰሌዳ ያስፈልገናል። የበረቱ የሳንቃ በር ተመረጠ። ኦቦ ደበላ የሬዲዮአቸውን ያለቁ ባትሪዎች ሁሉ ከአልጋ ስር አውጥተው በመዶሻ ፈለጡልኝ፤ እኔ ከውርጭ የተረፉ የዱባ ቅጠሎች ለቅሜ ወቀጥኩ። በሩ እስኪያብረቀርቅ ቀባነው። እናቴ እጄን አይታ ጮኸች፤ በሳሙናም በአሸዋም አሽታ አልለቅ ሲላት ተወችው። ላሞቹም ለሁለት ቀን በዚያ በር አንገባም ብለው አስቸገሩ።

ከደብተሬ ጀርባ ያለውን ፊደል ገበታ በተራው ገለበጥኩበትና ትምህርት ጀመርን። ስማቸውን ልጽፍላቸው እፈልጋለሁ፤ ፊደሎቹን ለማግኘት ግን መዝፈን አለብኝ። «ሂ» ገና ደጃፉ ላይ ናት። «ጳ»ን ለማግኘት ግን ከ«ሀ» ተነስቼ፣ ጣቴን እያስኬድኩ፣ አገር አቋርጬ ነው የምደርሰው። ኦቦ ደበላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ይጠብቁኛል።

«አባቴ ሂርጳ ይሄን ያህል ሩቅ አገር ነበር እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሥርዓቱ ነው ኦቦ ደበላ፤ ከ«ሀ» ነው የሚነሳው» አልኳቸው በአስተማሪ ድምፅ።

በሁለተኛው ሳምንት እህል ልናስፈጭ ወፍጮ ቤት አብረን ሄድን። ግድግዳው ላይ ማኅተም ያለበት አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ባለወፍጮው «የከብት ክትባት ነው» ብሎ ወደ ጩኸቱ ገባ። ኦቦ ደበላ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ያዙና «ቀኑን ቲቸሬ ታንብብልኝ» አሉ። ከኋላችን ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ፊደሎቹ አፍጥጠው አዩኝ። ምን ይዋጠኝ? «ሐሙስ ጠዋት» አልኩ። ሐሙስ ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ደበላ ስድስቱን ላሞች ነድተው ሄዱ፤ ፀሐይ ሳትጠነክር ነድተው ተመለሱ። አልጮሁም። በረቱ በር ላይ ቆመው የጻፍኩትን ገበታ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ረቡዕ ነበር» አሉ። «ትላንት። መድኃኒቱ አልቋል። አሁን እስከ ሌላው ቀበሌ ግማሽ ቀን መንዳት አለብኝ፤ መንገዱ ደግሞ እንደምታዪው ነው።»

ዘረገፍኩት። ገጽ ሃያ ሁለትን፣ የሆድ ዜማውን፣ እስከ ገና የሚለውን፣ ሁለተኛ ክፍልን፣ እስራኤልን። በመጨረሻ ጸሎቱንም ነገርኳቸው፤ ይሄ ሁሉ ጭስ በእኔ ምክንያት እንደሆነ፣ መልሼ «ክፈትልኝ» ብል ደግሞ ማንበብ ሳልችል ሊከፈት እንደሚችል።

ኦቦ ደበላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አዪ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ይሄ ሁሉ ሰው መንገድ የወጣው ላንቺ ንባብ ነው? የመሬት ነገር ነው። ሰው ያረሰውን ሊያጣ ነው የሚጮኸው፤ ያንቺ ጸሎት ገና ወረፋ ላይ ነው።» ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ፊቴን በመዳፋቸው ይዘው አዩኝ። «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ አላውቅም ብዬ ነግሬሽ የለ?»

ይህች አነጋገር ከቁጣ ሁሉ የባሰች ነበረች። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው አለማወቃቸውን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲናገሩ አላፈሩም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት። በጣም አፍሬ አለቀስኩ።

«ኮቱ፣ ነይ» አሉና በረቱን ከፈቱት። «ይቺ ማን ናት?»

«ቦራ» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ያቺ ከጥግ ያለችው?»

«ዳላቲ። ከእሷ ጀርባ ያለችው ጥጃዋ።»

«እንዴት አወቅሻት? ተራዋን ቆጥረሽ? እኔ ላሞቼን በመግቢያ ተራቸው ባውቃቸው ኖሮ ስንቴ የሰው ላም አልቤ ነበር! መልኳን አይተሽ ነው። ፊደልም መልክ አለው።»

ይህን ብለው የተጨነቅሁበትን ገበታ በካፖርታቸው እጅጌ ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። ባዶ ጥቁር በር ቀረ። «አንድ አንድ እናምጣቸው» አሉ። «ደግሞ ዜማ የለም። የዘፈነ ሰው ውሃ ይቀዳል።»

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የግቢውን ውሃ በሙሉ እኔ ነኝ የቀዳሁት። በአራተኛው ቀን ኦቦ ደበላ ራሳቸው ሳያስቡት አንጎራጉረው ጀሪካን ሲሸከሙ ተንከትክቼ ሳቅሁ። «በ»ን በር አልናት፤ ሁለት መቃንና ከላይ ጉበን። «ላ» አንድ እግሯን ዘርግታ የምታርፍ ናት። «ጳ» ቀንዷ የተንጨፈረረ፣ ለመታለብ የማትመች። ፊደሏን እናያታለን፣ ጀርባችንን እናዞራለን፣ አንዳችን አጥፍተን ሌላ ቦታ እንጽፋታለን፤ ገንዳው ላይ፣ መሰላሉ ላይ፣ አንድ ጊዜማ በዳላቲ ጎን ላይ። ያገኘ «ዳላሌ!» ብሎ ይጮሃል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ኦቦ ደበላም ከራሳቸው የፈጠሩት ይመስለኛል።

ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! እናቴ ከፋብሪካ ያመጣችው ጠርሙስ ተናገረ። የድርቆሽ ጭነት መኪናው ግንባር ላይ ያለው ጽሑፍ ተናገረ። አጥሩ ላይ የተለጠፈው «የሚከራይ ክፍል አለ» ተናገረ፤ ለካ የእኛው አጥር ነው! አገሩ ሁሉ ሲያወራ ኖሮ እኔ ብቻ ሳልሰማ የቀረሁ መሰለኝ። መንገድ ላይ ወታደሮች የጫነ መኪና ባለፈ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሸሽ እኔ ኋላው ላይ የተጻፈውን ሳልጨርስ አልሄድም ብዬ እናቴ በጆሮዬ ጎትታ አስገባችኝ። አንድ ከሰዓት ብቻዬን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ። ወረቀቱ ጫፉ ተቀዶ አሁንም አለ። ከንፈሬን ግጥም አድርጌ አየሁት። «ረቡዕ» ይላል። ልክ መሃሉ ላይ፣ በትልቁ። ያን ቀንም እዚያው ነበር። ዘለልኩ፣ ጨፈርኩ፣ የወፍጮውን ግድግዳ ሳምኩት፤ ከንፈሬ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ገባሁ።

ላሞቹን ደግሞ ኦቦ ደበላ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በማሳው በኩል ነድተው አስከተቧቸው። አንድም ቃል ወቀሳ አልሰማሁም።

ገና ሳምንት ሲቀረው ትምህርት ቤት ተከፈተ ተባለ። ግቢው ጭር ብሏል፤ በሩ ላይ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ከስድሳችን የመጣነው ሠላሳ አንሞላም። ቲቸር ጽጌ ትራንስፖርት አጥታ ከአዲስ አበባ እንጦጦን በእግሯ ነው ያቋረጠችው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ መምጣት ስላልቻለች ሁለቱ ክፍሎች ለጊዜው አንድ ላይ ይማራሉ አለች። በሩ ተከፈተና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ተግተልትለው ገቡ። እስራኤል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ክፍሉን ቃኘና፣ በቀጥታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ያን ሁሉ ለፍቼ! የፈራሁት ነገር እንዲያውም በገዛ ክፍሌ መጣብኝ።

«መጥቼልሻለሁ» አለኝ፣ ጥርሱን አሳይቶ።

ከትልልቆቹ ሰዎች ስምንት ያህል መጡ። ኦቦ ደበላ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ጠመኔውን እንደ እሾህ ማውጫ በሁለት ጣት ያዙት። «ደበላ» ብለው ሲጽፉ ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። «ሂርጳ»ን ሲጨርሱ ወደኋላ ሄድ ብለው የራሳቸውን ስም ልክ የሌላ ሰው ስም እንደሚያይ ሰው አዩት። «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ቲቸር ጽጌ አጨበጨበች፣ እኛም ጠረጴዛ ደበደብን። ልባቸው ሞልቶ ዓይናቸው ረጠበ። እኔ ግን ገና አልዳንኩም። ኦቦ ደበላም ያውቃሉ፤ ሌሎቹ ሰዎች ሲወጡ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «የአስተማሪዬን ፈተና አይቼ እሄዳለሁ» አሉ።

ቲቸር ጽጌ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ምህረት፣ ነይ ስም ጥሪ።»

የክፍላችንን የስም ዝርዝር በተራው በቃሌ እንደማውቀው ታውቃለች። ይሄ ግን ያ ዝርዝር አልነበረም። የሁለቱን ክፍል ልጆች ቀላቅላ፣ ተራውን አፍርሳ፣ በራሷ እጅ የጻፈችው ነው። ወረቀቱን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ፊደል ገበታው ከግድግዳው ላይ ወርዷል፤ ቢኖርም አላየውም ነበር። ከንፈሬን ገጠምኩ። የመጀመሪያውን ስም መልኩን አየሁት።

«ብርቱካን ቶለሳ!»

«አለሁ!»

«ለሊሴ ገመቹ!»

ዝም። ለሊሴ የዴስክ ጓደኛዬ ናት፤ እስራኤል የተቀመጠው በእሷ ቦታ ነው። አሁን ትመልሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ቲቸር ጽጌ መስኮቱን እያየች «ቀጥዪ» አለች በቀስታ። ሦስት ስም ጠርቼ ሦስቱም አሉ፤ አራተኛው ዝም አለ። ስም ማንበብ ከቻልኩ ባለቤቱ የሚመጣ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። አልመጣም። ግን አላቆምኩም፤ አንብቤ ካልጠራኋቸው መቅረታቸውንም የሚያውቅ የለም። ጥግ ላይ ኦቦ ደበላ በያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በመጣውም፣ ባልመጣውም።

ወረቀቱ መጨረሻ አካባቢ አንድ ስም አገኘሁ። አጠገቤ ሆኖ ስንት ቀን ያበሳጨኝ ስም። ቀና ብዬ ዴስካችንን አየሁ፤ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ የምሳሳት ከሆነ ሊያርመኝ ተዘጋጅቶ።

«እስራኤል ዳና!»

ብድግ አለ፣ እጁን በጎኑ አደረገ፣ እንደ ልማዱም ጮኸ።

«አለሁ፣ ቲቸር!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ምን እንዳለ ሲገባው ጆሮው ቀላ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከስሙ ፊት ለፊት የመገኘት ምልክቱን አደረግሁለትና ወደሚቀጥለው ስም ወረድኩ።